ሆሎግራፊክ አንቴና፤ የሬዲዮን ጨረር ያለ ሞተር የሚያዞር ገበታ

ከሩቅ አገር ዕቃ ለሚያስመጣና ወደ ሩቅ አገር ለሚልክ ነጋዴ ወሬ ራሱ እንደ አንድ ሸቀጥ የሚቈጠር ነው። የቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ መውጣቱን ወይም መውረዱን ዛሬ የሰማ ነጋዴና ነገ የሰማ ነጋዴ ትርፋቸው እኩል ሊሆን አይችልም። መርከቡ ጂቡቲ መድረሱን፣ ባንኩ ሰነዱን መቀበሉን፣ የጭነት መኪናውም የት እንደ ደረሰ የሚያስታውቀው መልእክት፣ ምንም እንኳ ረጅሙን ጉዞ በባሕርና በምድር ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ቢመጣ፣ የመጨረሻውን መንገድ ተሻግሮ ወደ ነጋዴው እጅ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በሬዲዮ ሞገድ ነው። ስለዚህ ሞገዱን የሚልከውና የሚቀበለው አንቴና ለንግድ ቤት እንደ በር ማለት ነው። በሩ ጠባብ ከሆነ መጋዘኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ ዕቃው ቶሎ አይወጣም፣ ቶሎም አይገባም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያዎች መግለጫና በአምራቾች ካታሎግ ላይ «ሆሎግራፊክ አንቴና» የሚል ስም እየተደጋገመ መጥቷል። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ከመሆኑ የተነሣ አንዳንዱ ሰው ተአምር አድርጎ ይቀበለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሻጭ ማማለያ ነው ብሎ ይንቀዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ነገሩ በእርግጥ ያለ ነው፤ አሠራሩም በቀላል አነጋገር ሊገለጽ ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሆሎግራፊክ ገበታ አዲስ ዐይነት ሬዲዮ አልፈጠረም፤ ነገር ግን የሬዲዮን ጨረር ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ለማዞር የሚወጣውን ወጪ ውድ ከሆነው መሣሪያ ላይ አንሥቶ አብዛኛውን ወደ ሒሳብ ሥራ አዛውሮታል። ይህ የወጪ መዛወር ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያስከፍል ለይቶ ማወቅ ለሚገዛውም ለሚሸጠውም ነጋዴ አስፈላጊ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ጨረርን የማዞር ዋጋ

ተራ የሆነ የሽቦ አንቴና እንደ ኩራዝ ነው። ብርሃኑን ለቤቱ ሁሉ ይበትናል እንጂ ለይቶ ለአንዱ አይሰጥም። ለቅርብ ጎረቤት ይህ ይበቃል፤ መልእክቱ ሩቅ መሄድ ሲኖርበት ግን የተበተነው ኀይል አብዛኛው በከንቱ ይባክናል። ይህን ብክነት ለማስቀረት ከተገኙት መፍትሔዎች ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዲሽ ነው። ዲሽ በእጅ ባትሪ ውስጥ እንዳለው መስተዋት ሞገዱን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደ ጨረር ይወረውረዋል፤ ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣውንም እንዲሁ ሰብስቦ ይቀበላል። በየቤቱ ጣራ ላይ የሚታየው የቴሌቪዥን ዲሽ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ከተተከለ በኋላ ለዓመታት ሳይነካ የሚሠራበት ምክንያት አለው። የሚመለከተው ሳተላይት በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ለሚያየው ከአንድ ቦታ ያልተነቃነቀ ይመስላል።

ችግሩ የሚመጣው ከሁለቱ አንዱ ሲንቀሳቀስ ነው። አንቴናው በመርከብ፣ በባቡር ወይም በጭነት መኪና ላይ የተጫነ እንደ ሆነ፣ ወይም ሳተላይቱ ራሱ በዝቅተኛ ከፍታ የሚበር እንደ ሆነ፣ ጨረሩ ሳያቋርጥ መከተል ይኖርበታል። የስታርሊንክ ሳተላይቶች ከ600 ኪሎ ሜትር በታች፣ የዋንዌብ ደግሞ በ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የሚዞሩ ስለ ሆኑ፣ እያንዳንዱ ሳተላይት በአንድ አካባቢ ሰማይ ላይ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ይሄዳል። ዲሹን በሞተር እያዞሩ መከተል ይቻላል፤ ነገር ግን ሞተርና ማርሽ ያረጃሉ፣ ጥገናና መለዋወጫ ይፈልጋሉ፣ ክብደታቸውም ብዙ ነው። ደግሞም አንዱ ሳተላይት ጠልቆ ሌላው ሲወጣ ዲሹ ዞሮ እስኪያገኘው ድረስ መልእክቱ ይቋረጣል።

ድር ቢያብር

ሌላው መፍትሔ ዲሹን ትቶ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎችን ጎን ለጎን መደርደር ነው። ጭነት የያዘ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ሃያ ሰዎች በየራሳቸው ጊዜ ቢገፉት አይነቃነቅም፤ አንዱ ድምፅ ሰጥቶ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ሲገፉ ግን ይወጣል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» መባሉም ለዚሁ ነው። የሬዲዮ ሞገድም እንደዚሁ ነው። ሞገድ ከፍና ዝቅ እያለ ይጓዛል፤ የብዙ አንቴናዎች ሞገድ ከፍታው ከከፍታ ጋር በገጠመበት አቅጣጫ ይበረታል፤ ከፍታው ከዝቅታ ጋር በተገናኘበት አቅጣጫ ግን ይጠፋፋል። እንግዲህ እያንዳንዱ አንቴና ሞገዱን የሚለቅበት ቅጽበት በጥቂቱ እንዲዘገይ ወይም እንዲቀድም ከተደረገ፣ ሞገዶቹ እርምጃቸው የሚገጥምበት አቅጣጫ ይለወጣል። ጨረሩም አንዲት ብሎን እንኳ ሳትንቀሳቀስ ይዞራል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1905 ሦስት አንቴናዎችን አቀናጅቶ ሞገድን ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ማበርታት እንደሚቻል አሳይቷል። ይኸው ሰው በ1909 ከማርኮኒ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል። ከዚያ በኋላ ይህ ዐይነቱ የአንቴና ሠልፍ በተለይ ለጦር ራዳር ከፍተኛ አገልግሎት ሰጥቷል። ለገበያ ሰው ግን አንድ ትልቅ ዕንቅፋት ነበረበት፤ ይኸውም በሠልፉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ትንሽ አንቴና የሞገዱን እርምጃ የሚያዘገይ መሣሪያና የራሱ የሆነ ማጉያ ስለሚያስፈልገው ዋጋው፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውና ሙቀቱ አብረው መብዛታቸው ነው።

የዚህን ዋጋ ክብደት ለመገመት የስታርሊንክ ምሳሌ ይበቃል። መቀበያው በእንዲህ ያለ የአንቴና ሠልፍ የሚሠራ ነው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ግዊን ሾትዌል በ2021 እንደ ገለጹት፣ አንዱን መቀበያ ለማምረት በመጀመሪያ 3,000 ዶላር ያህል ይፈጅ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ወጪው ከ1,500 ዶላር በታች መውረዱን ተናግረዋል። ለደንበኛ ይሸጥ የነበረው ግን በ499 ዶላር ነው። ልዩነቱን ኩባንያው ከወርኀዊ ክፍያ አገኘዋለሁ ብሎ ከኪሱ ይሸፍነው ነበር። ይህን ለማድረግ የሚችል ትልቅ ካፒታል ያለው ብቻ ስለ ሆነ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ያለ ማጉያ ብዛት ጨረርን የሚያዞር ሌላ ዘዴ መፈለጋቸው አያስደንቅም።

የጋቦር መዝገብ

ሌላው ዘዴ የተገኘው ከብርሃን ጥበብ ነው። «ሆሎግራም» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ ትርጓሜው «ሙሉ ጽሕፈት» ማለት ነው። ባለሱቆች ሆሎግራምን የሚያውቁት በዕቃ ማሸጊያና በባንክ ካርድ ላይ ተለጥፎ ሲያዘነብሉት ቀለሙና ሥዕሉ የሚለዋወጠውን አንጸባራቂ ምልክት በማየት ነው። ሐሳቡን ያመነጨው በሀንጋሪ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ዴኒስ ጋቦር ሲሆን፣ ዘመኑም 1947 ነው። ጋቦር ይደክም የነበረው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ምስል ለማጥራት ነበር። ለሥራው ተስማሚ የሆነው የሌዘር ብርሃን በ1960 ከተገኘ በኋላ የሐሳቡ ፍሬ ጐልቶ ታየ፤ በ1971ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ተራ ፎቶግራፍ የሚመዘግበው የብርሃኑን መጠን ብቻ ነው፤ የሞገዱ እርምጃ፣ ማለት የቱ ቀድሞ የቱ ዘግይቶ እንደ ደረሰ፣ ሳይመዘገብ ይቀራል። ጋቦር ያደረገው ነገር ከዕቃው በሚመጣው ሞገድ ላይ ሌላ አስቀድሞ የታወቀ ሞገድ መጨመር ነው። ይህን ሁለተኛ ሞገድ «ምስክር ሞገድ» ብንለው ይስማማዋል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ እርምጃቸው በገጠመበት ቦታ ብሩህ፣ ባልገጠመበት ቦታ ጨለማ የሆኑ ረቂቅ መስመሮች ይፈጠራሉ፤ መስመሮቹም በፊልም ላይ ይቀረጻሉ። ኋላ ዕቃው ተወስዶ ምስክሩ ሞገድ ብቻ በመስመሮቹ ላይ ቢበራ፣ ከዕቃው መጥቶ የነበረው ሞገድ እንደ ገና ይነሣል፤ ተመልካቹም ዕቃው በፊቱ ያለ ይመስለዋል።

ለነጋዴ ይህን በሒሳብ መዝገብ መመሰል ይቀላል። በመዝገቡ ውስጥ ጆንያም ሆነ ጣቃ የለም፤ መስመርና ቍጥር ብቻ ነው ያለው። ነገር ግን መዝገቡ በሥርዓት የተያዘ እንደ ሆነ፣ ማንበብ የሚያውቅ ሰው ንግዱ እንዴት እንደ ተካሄደ ከእርሱ መልሶ ሊያቆመው ይችላል። የሆሎግራም መስመሮችም እንዲህ ያለ የሞገድ መዝገብ ናቸው።

ከሥዕል ወደ አንቴና

የሬዲዮ ሞገድ ከብርሃን ጋር አንድ ዘር ነው፤ የሚለየው በርዝመቱ ነው። ስለዚህ በብርሃን የሚሠራው ሁሉ በሬዲዮም ሊሠራ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ማቅለያ አለ። ለአንቴና ሲሆን ዕቃም ፊልምም አያስፈልግም። የሚፈለገው ጨረር አቅጣጫው ይታወቃል፤ በገበታው ጠርዝ ወይም መካከል ተለቆ በገጹ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄደው ምስክር ሞገድም ይታወቃል። ሁለቱ ቢገናኙ የሚፈጥሩትን መስመሮች በሒሳብ ማግኘት ይቻላል። እነዚያን መስመሮች በብረት ቍራጭ ወይም በቀጭን ስንጥቅ በገበታው ላይ ቀርጾ ምስክሩን ሞገድ ቢለቁበት፣ ሞገዱ በየስንጥቁ እየወጣ ተደምሮ የተፈለገውን ጨረር ይሆናል።

ሐሳቡ ትናንት የተወለደ አይደለም። በ1959 ኦሊነርና ሄሰል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሞገድ በሥርዓት በሚለዋወጥ ገጽ ላይ ሲጓዝ እንዴት እንደሚሆን በሒሳብ አስረዱ። በ1970 የኢጣልያ ተመራማሪዎች «ሆሎግራፊክ አንቴና» በሚል ስም ጽሑፍ አወጡ። በ2010 ደግሞ በካሊፎርኒያ ማሊቡ በሚገኘው የኤች አር ኤል ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሰዎች በትንንሽ የብረት ገጾች የተቀረጹ ሆሎግራፊክ ገበታዎችን ሠርተው ውጤታቸውን አሳተሙ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ እንደ ታተመ መጽሐፍ ነበሩ። አንድ ጊዜ የተቀረጸው መስመር አይለወጥም፤ ጨረሩም ከተቀረጸለት አቅጣጫ አይወጣም።

የሚለዋወጠው ገበታ

አሁን ዝናው የተሰማው ገበታ ከታተመ መጽሐፍ ይልቅ ጥቁር ሰሌዳን የሚመስል ነው፤ የተጻፈበት ተደምስሶ ሌላ ይጻፍበታል። በገጹ ላይ የተደረደሩት ብዙ ሺህ ስንጥቆች እያንዳንዳቸው የሚከፈትና የሚዘጋ በር ተሰጥቷቸዋል። በሩ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር አይደለም። በአንደኛው ዘዴ ፈሳሽ ክሪስታል የተባለው ነገር ይደረግበታል። ይህ በ1888 ፍሪድሪኽ ራይኒትሰር በተባለ የኦስትሪያ የዕፅዋት ሊቅ የታወቀውና ዛሬ በቴሌቪዥንና በሒሳብ ማሽን መስኮት ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገር ነው። ጥቂት የኤሌክትሪክ ግፊት ሲደርስበት የውስጡ አሰላለፍ ይለወጣል፤ በዚህም ምክንያት ስንጥቁ ለሞገዱ ይከፈታል ወይም ይዘጋል። በሌላው ዘዴ ዳዮድ ወይም ቫራክተር የተባሉት ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ይህንኑ ያደርጋሉ።

አሠራሩን የመስኖ ቦይ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ምስክሩ ሞገድ በቦይ እንደሚወርድ ውሃ በገበታው ላይ ይፈስሳል፤ ስንጥቆቹ በቦዩ ዳር ዳር እንዳሉት የእርሻ በሮች ናቸው። ሞገዱ ለተፈለገው ጨረር በሚስማማ እርምጃ የደረሰበት በር ይከፈታል፤ በማይስማማ እርምጃ የደረሰበት በር ይዘጋል። ጨረሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ መዞር ሲኖርበት ኮምፒዩተሩ አዲሱን የመስመር ሒሳብ ሠርቶ የትኞቹ በሮች እንደሚከፈቱ ያዝዛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማጉያው ያለው በምንጩ ላይ ነው እንጂ በየበሩ አይደለም።

በቍጥር ሲታይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በሴኮንድ 12 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለት 12 ጊጋኸርትዝ የተባለ የሳተላይት ሞገድ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በየጎኑ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገበታ እንውሰድ። በቀድሞው የአንቴና ሠልፍ አንቴናዎቹ በግማሽ የሞገድ ርዝመት ቢደረደሩ 40 በ40፣ ማለት 1,600 ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም ማዘግያና ማጉያ ይፈለጋል። በሆሎግራፊኩ ገበታ ስንጥቆቹ በ5 ሚሊ ሜትር ርቀት ቢደረደሩ 100 በ100፣ ማለት 10,000 ይሆናሉ። ቍጥራቸው ከስድስት እጥፍ በላይ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስንጥቅ ከአንዲት ርካሽ በር በቀር ምንም አያስፈልገውም። በዚህ የዕቃ ዝርዝር ላይ ብዙው ርካሽ፣ ጥቂቱ ውድ ሆኗል፤ የአዲሱ ጥበብ የንግድ ትርጕምም ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር ተመሳስሎ የሚቀርብ፣ ግን ሊለይ የሚገባው ሌላ ገበታ አለ። ይኸውም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ማማ የመጣውን ሞገድ ወደ ተፈለገው ቦታ የሚያንጸባርቀው ገበታ ነው። ያኛው እንደ መስተዋት ነው፤ የራሱ ምንጭ የለውም። ሆሎግራፊኩ ግን ምንጩ ከገበታው ጋር የተሠራ ስለ ሆነ ራሱ ላኪና ተቀባይ ነው። በካታሎግ ላይ ሁለቱም «ሞገድ የሚያዞር ገጽ» ሊባሉ ስለሚችሉ፣ አንዱን አዝዞ ሌላውን መቀበል እንዳይመጣ መጠንቀቅ ይገባል።

ለገበያ የበቁት

ይህ ጥበብ ከላቦራቶሪ አልፎ ገበያ ላይ ውሏል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሬድመንድ ከተማ የሚገኘው ካይሜታ የተባለው ኩባንያ በ2012 ተቋቁሞ፣ በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠራ ጠፍጣፋ የሳተላይት አንቴና በ2017 ለሽያጭ አቀረበ። ደንበኞቹ በተለይ በሚንቀሳቀስ መኪናና በጀልባ ላይ ሆነው መገናኘት የሚፈልጉ ናቸው። ኩባንያው መስተዋታዊውን ገበታ የቴሌቪዥን ስክሪን በሚያመርቱ ፋብሪካዎች ዘዴ ማሠራቱ ከንግድ በኩል ታላቅ ብልኀት ነው። ለአዲስ ዕቃ አዲስ ፋብሪካ ከመትከል ይልቅ ተተክሎ ያለውን መጠቀም ወጪን እንደሚያቀል የታወቀ ነውና። በዚያው ግዛት በ2016 የተቋቋመው ፒቮታል ኮምዌር ደግሞ በቫራክተር የሚሠራ ሆሎግራፊክ አንቴና ለስልክ አገልግሎት አውጥቷል። ከዕቃዎቹ አንዱ በመስኮት መስተዋት ላይ ተገጥሞ ከውጭ የመጣውን የአምስተኛው ትውልድ ሞገድ ወደ ቤት የሚያስገባ ነው።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ለምን እንዳስፈለገ መገንዘብ ይጠቅማል። ብዙ መልእክት ለማስተላለፍ ሲባል የስልክ ሞገድ ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ከፍተኛ ድግግሞሽ እየተሻገረ ነው። በ28 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ሞገድ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ግድግዳና ዛፍ ያዳክሙታል፣ ቆርቆሮና ብረት የተቀባ የመስኮት መስተዋት ደግሞ ይመልሱታል። ስለዚህ ሞገዱ እንደ ኩራዝ ቢበተን ዋጋ የለውም፤ ተሰብስቦና ተነጣጥሮ መላክ አለበት። በ2023 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስድስተኛው ትውልድ ስልክ መሠረት የሚሆነውን ሰነድ ያጸደቀ ሲሆን፣ ሊቃውንት ለዚያ ዘመን ከሚያጠኗቸው ነገሮች መካከል ሆሎግራፊክ ገበታ አንዱ ነው። በቻይና የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ተከታታይ ጽሑፎችን አውጥተዋል። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በ2022 የአምስተኛውን ትውልድ አገልግሎት በአዲስ አበባ በሙከራ መጀመሩ የሚታወስ ነው።

ያልተነገረው ጎን

ማንኛውም ዕቃ መልካም ጎኑ በካታሎግ ላይ በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ ጉድለቱን ፈልጎ ማግኘት የገዢው ሥራ ነው። የሆሎግራፊክ ገበታ ጉድለቶችም የታወቁ ናቸው።

አንደኛ፣ በሮቹ በመክፈትና በመዝጋት ስለሚሠሩ የተዘጋው በር ለጨረሩ ምንም አያዋጣም። ስለዚህ ስፋቱ እኩል ከሆነ ገበታ ይልቅ እያንዳንዱ አንቴና ማዘግያ ያለው ሠልፍ የበለጠ ብርቱ ጨረር ይሰጣል። ሁለተኛ፣ በመስኖ ቦይ ራስ ላይ ያለው ገበሬ ውሃውን ከጨረሰው ግርጌ ያለው እንደሚጠማ ሁሉ፣ ከምንጩ አጠገብ ያሉት ስንጥቆች ብዙ ሞገድ ከወሰዱ በሩቅ ያሉት ባዶ ይቀራሉ፤ ይህን ማመጣጠን የሠሪው ችሎታ ነው። ሦስተኛ፣ የመስመሩ ሒሳብ የሚሠራው ለአንድ ድግግሞሽ ስለ ሆነ፣ ድግግሞሹ ሲለወጥ ጨረሩ ከዒላማው ጥቂት ያፈነግጣል። በዚህም የተነሣ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈው የመልእክት ስፋት ይወሰናል።

አራተኛ፣ ፈሳሽ ክሪስታል ለመለወጥ የሚወስደው ጊዜ በሺሕኛ ሴኮንድ የሚቈጠር ነው፤ ብርድ ሲጸናበትም ይዘገያል። ዳዮድ በጣም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዋጋውና የኤሌክትሪክ ፍጆታው ይጨምራል። አምስተኛው ጉድለት የጠፍጣፋ አንቴና ሁሉ ዕዳ ነው። ጨረሩ ከገበታው ቀጥታ ወደ ጎን 60 ዲግሪ ባዘነበለ ጊዜ ገበታው በዚያ አቅጣጫ የሚያሳየው ስፋት በግማሽ ይቀንሳል፤ ኀይሉም አብሮ ይቀንሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለንግድ የሚያሠጋው ግን የቀድሞው ተወዳዳሪ ዝም ብሎ አለመቀመጡ ነው። የአንቴና ሠልፍ ማጉያዎች በሚሊዮን በሚመረቱበት ጊዜ ዋጋቸው እየወረደ ሄዷል። ከላይ የተጠቀሰው የስታርሊንክ መቀበያ የማምረቻ ወጪው በአጭር ጊዜ ውስጥ በግማሽ መውረዱ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ «ሆሎግራፊክ ስለ ሆነ ርካሽ ነው» የሚለው አነጋገር በየጊዜው ከገበያው ዋጋ ጋር መመዛዘን አለበት እንጂ እንደ ዘላለም እውነት ሊወሰድ አይገባውም።

አስመጪው ምን ይጠይቅ?

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚያስመጣ ወይም ለድርጅቱ የሚገዛ ነጋዴ፣ ፕሮፎርማውን ከመፈረሙ በፊት ከሚከተሉት ጥያቄዎች ጽሑፋዊ መልስ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

1ኛ፤ ገበታው በየትኛው ድግግሞሽ ይልካል? በየትኛውስ ይቀበላል? ከየትኛው የሳተላይት ወይም የስልክ ኩባንያ ጋር እንደሚሠራ ተረጋግጧል? ለአንድ ድግግሞሽ የተሠራ ገበታ ለሌላው አይሆንም።

2ኛ፤ የተጻፈው የኀይል መጠን ጨረሩ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ነው ወይስ ሲያዘነብል? በ60 ዲግሪ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር የሚያሳይ ቍጥር ካልቀረበ ዕቃው ግማሹ ብቻ እንደ ተነገረ ይቈጠር።

3ኛ፤ በሩ የሚሠራው በፈሳሽ ክሪስታል ነው ወይስ በዳዮድ? ጨረሩን ለማዞር ስንት ጊዜ ይወስዳል? በቀዝቃዛ ሌሊትና በጠራራ ፀሓይስ እንዴት ይሠራል?

4ኛ፤ የኤሌክትሪክ ፍጆታው ስንት ዋት ነው? መብራት በሚቋረጥበት ወይም በፀሓይ ኀይል በሚሠራ ቦታ ይህ ቍጥር ከዕቃው ዋጋ ያልተናነሰ ክብደት አለው።

5ኛ፤ ሒሳቡን የሚሠራው ሶፍትዌር ከዕቃው ጋር የተሸጠ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው? ወጪው ከመሣሪያ ወደ ሒሳብ ተዛውሯል ሲባል፣ አንዳንድ ጊዜ ሒሳቡም የኪራይ ዕቃ ሆኖ ይገኛልና።

6ኛ፤ ለአገር ውስጥ አገልግሎት ተፈቅዷል? ሞገድ የሚልክ መሣሪያ በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘንድ የዐይነት ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፣ ይህን ሳያረጋግጡ ዕቃ ማስጫን በጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ገንዘብን እንደ መቅበር ነው። ለሳተላይት መገናኛ የሚሆነው መሣሪያም ከዕቃው በተጨማሪ የአገልግሎት ፈቃድ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ባለሱቆች ደንበኞቻቸውን ከአንድ የስም ስሕተት ሊያድኑ ይችላሉ። ሆሎግራፊክ አንቴና በአየር ላይ ሥዕል የሚያሳይ ስልክ አይደለም፤ በዕቃ ማሸጊያ ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ወረቀትም ከእርሱ ጋር የሚጋራው የጋቦርን ሐሳብ ብቻ ነው። የስልክን ሞገድ ይስባል ተብሎ በጥቂት ብር የሚሸጥ «ሆሎግራም» ተለጣፊ ምንጭም፣ በሮችም፣ በሮቹን የሚያዝዝ ሒሳብም የለውም። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት ሆሎግራፊክ አንቴና የለም። ይህን ለይቶ ለደንበኛው የሚነግር ባለሱቅ ዛሬ የአንድ ተለጣፊ ትርፍ ቢቀርበትም፣ እውነተኛው ዕቃ ገበያ ሲገባ ገዢው ተመልሶ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው።